ሦስት ለአንድ

ከግቢው በር ማዶ፣ ከባጃጁ ተራ ጥግ፣
አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ ግማሽ መስኮቷ ዝግ።
ሻማ፣ የስልክ ካርድ፣ ብስኩትና ሳሙና፣
ደብተርም አለችኝ፣ በላስቲክ የተሸፈነች ደኅና።
ስም ያድርባታል፣ ብር እስኪመጣ ከቤት፤
ዱቤ ነው ለእኔ፤
ተማሪው ግን ሲያሾፍ «የጋሽ ሽብሩ ክሬዲት»።

ሐዋሳ ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ቃሉን እንዲያ ነበር የማውቀው፤
ሰው የወሰደውን እንጂ፣ የሠራውን አልነበር የምቆጥረው።
ያስተማረኝ ዱካሌ ነው፣ የሁለተኛ ዓመት ልጅ፣
ከአለታ ወንዶ የመጣ፣ ቁመቱ ለሱቄ ጣራ የማይበጅ።

«ጋሼ» አለኝ፣ የብስኩት ካርቶን ገልብጦ እየጻፈ፣
«በሳምንት አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ እየሰማ ሴሚስተሩን የገፋ፣ ፈተናውንም ያለፈ፣
አንድ ክሬዲት አገኘ ይባላል።
ሦስት ሰዓት ከሰማ፣ ሦስት።
ላብ ግን ይለያል።»

ላብ?

«ላቦራቶሪ፣ ጋሼ። ሲያጥር ነው ላብ።
ሦስት ሰዓት ቆመህ፣ ጠርሙስ ስታጥብ፣ ሽታውን ስትስብ፣
በመጨረሻ የሚጻፍልህ አንድ ነው።»
«ሦስት ለአንድ?»
«ሦስት ለአንድ።»

ዝም አልኩ። እኔ የማውቀው ላብ፣ በሸሚዝ ጀርባ የሚወርደውን፤
የእሱም ምንዛሪው ያው ነው፣ አላየሁም ከዚህ የተሻለውን።

ጫናም አለው ትምህርቱ፣ ወለልና ጣራ፦
ከአሥራ ሁለት በታች የያዘ፣ ሙሉ ተማሪ ተብሎ አይጠራ፤
ከአሥራ ዘጠኝ በላይ ለመሸከም፣ አማካሪው ይፈርም፣ ዲኑ ይፍቀድ፤
እንደ ጭነት መኪና ማለት ነው፣ ሚዛን ሳይወጣ እንዳይሄድ በመንገድ።

የካቲት ላይ ውጤት ተለጠፈ። ዱካሌ ዳቦ ሊወስድ መጥቶ
ቆመ፣ ዳቦውን ረስቶ።
ካልኩለስ። አራት ክሬዲት። ኤፍ።
«ዜሮ በአራት ቢባዛ» አልኩ ላጽናናው፣ «ያው ዜሮ፤ ምንም አልጎደለ፣ ተወው ይለፍ።»
«ሲባዛስ ዜሮ ነው» አለኝ፣ «ሲካፈል ግን አራቱ ይቆጠራል፤
ምንም እንዳላዋጣ ሰው ነው፣ ሲካፈሉ ግን ይቀርባል።»

ይኸም አልበቃ፤ ከኋላው የሚመጡት ሁለት ኮርሶች በራቸውን ዘጉ፣
«መጀመሪያ ካልኩለስን» አሉ፤ ካልኩለስ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው ወጉ።
ሃያ ሁለት ልሸከምና ልድረስባቸው ብሎ ማመልከቻ ሲያስገባ፣
መስኮት ሦስት ያለችው ሴት፣
«ዋርኒንግ ያለበት ከአሥራ አምስት አያልፍም» ብላ መለሰችው፣ ወረቀቱ እጇ ሳይገባ።

ማንም ያልጠየቀውን ልንገራችሁ፤ እኔ ሱቄን ስከፍት አይቻለሁ።
ጎህ ሲቀድ ከአሞራ ገደል ይመጣል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የራሰ፣
ዓሣ ከጀልባ አውርዶ፣ በረዶ ሰባብሮ፣
አባ ኮዳዎቹን ከሣጥኑ አባርሮ፣
ለሁለት ሰዓቱ ክፍል የደረሰ።
ቆጠርኩት፣ በጣቴ፦ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን።
«ይኸስ» አልኩት «ስንት ክሬዲት ነው?»
ሳቀ።
«እሱ ያለ ውጤት የሚወሰድ ኮርስ ነው፣ ጋሼ፤
ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም።»

ያን ማታ መብራት ጠፋ። ሦስት ሻማ ወሰደ።
ደብተሬን ገልጬ «አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩ።

በሳምንቱ ሊከፍል መጣ፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ብር።
ደብተሩን ወደ ራሱ አዙሮ አየ፣ ቆየ፣ ምንም ሳይናገር።
እስክሪብቶ ለመነኝ።
«አንድ»ን ሰርዞ «ሦስት» አደረገ፣
አጠገቡም ፈረመ፣ እንደ ዲን።

«ሻማ ላብ አይደለም፣ ጋሼ» ብሎኝ፣
ከጣራዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ።